ዜሮ ኪሎ የሚመዝን ግልገል

የበግ አርቢዎች ማኅበራችን ቢሮ ዘመሮ ከተማ፣ ከገበያው በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ንብረቶቿ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ ግድግዳ ላይ የተንጠለጠለ የግልገል ሚዛንና የእኔ ላፕቶፕ ናቸው። እኔ ደብረ ብርሃን ኮምፒዩተር ተምሬ፣ እዚያው ጥቂት ዓመት ሠርቼ፣ እናቴ ስትታመም ላስታምማት የተመለስኩ ነኝ። እናቴ ተሽሏት በእግሯ ቆመች፤ እኔ በዚያው ቀረሁ። ለምን ቀረሽ ሲሉኝ ድሮ የመጣልኝን እመልስ ነበር። ከአንዲት ሐሙስ ወዲህ ግን መልሴ አንድ ነው፤ እሱን ልንገራችሁ።

የማኅበሩ ሥራ ሲያወሩት ቀላል ነው። የአባላቱ በጎች በየመንደሩ ይወልዳሉ። እያንዳንዱ ግልገል ሲወለድ፣ በሦስት ወሩና በስድስት ወሩ ይመዘናል። ልጆቹ ደህና ክብደት የያዙለት አውራ በግ ለዘር ይቀራል፤ ልጆቹ የቀጨጩበት ይኮላሽና ሙክት ይሆናል። ይህን ሁሉ መዝጋቢዎች ለዓመታት በደብተር ሲይዙት ኖረዋል። እኔ ሥራውን የጀመርኩ ቀን ሊቀመንበራችን፣ ጎልማሳ፣ ሲናገሩ እጃቸው የማያርፍ ሰው፣ ደብተሮቹን ጠረጴዛዬ ላይ ከመሩና «ይኸው፣ ይህን ሁሉ ማሽንሽ ይብላው» አሉኝ።

በዚያ ሰሞን አዲስ የፕሮግራም ቋንቋ ለራሴ እየተማርኩ ነበር። ፈንክሽናል የሚባለው ዓይነት ነው። ፕሮግራሙ በሙሉ ከትናንሽ ፈንክሽኖች ይገጣጠማል፤ እያንዳንዱ አንድ ነገር ተቀብሎ አንድ ነገር ይመልሳል፤ ሌላ የሚነካካው ነገር የለም። ንጽሕናው ይማርከኝ ነበር። የማኅበሩንም ፕሮግራም በዚሁ ቋንቋ ልጽፈው ቆረጥኩ። አንድ ጠባዩ ግን ያናድደኛል፤ ሊጎድል የሚችልን ነገር ዝም ብሎ አያሳልፍም። የግልገሉ ክብደት በደብተሩ ላይ ባዶ ሊሆን ይችላል ካልኩት፣ ክብደቱን እንዲሁ በቁጥርነቱ አይሰጠኝም። ጠቅልሎ ነው የሚሰጠኝ፤ ስፈታው ወይ «አለ፣ አሥራ አምስት ኪሎ» ይላል፣ ወይ «የለም» ይላል። «የለም ካለስ ምን ይደረግ?» ለሚለው መልስ ካልጻፍኩ ደግሞ ፕሮግራሙ ከናካቴው አይነሣም። ኮዱ ላይ ቀይ መስመር ያሰምርብኝና ተገትሮ ይቀራል።

እኔ ቸኩያለሁ። ሊቀመንበሩ በየቀኑ ብቅ እያሉ «ደረሰ?» ይላሉ። ቋንቋው ደግሞ ለቸኮለ ሰው የምትመች አንዲት አጭር ፈንክሽን አለችው፤ «ካለ እሱን፣ ከሌለ ይህን ውሰድ» የምትል። ምትኩን እኔ እሰጣታለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ማንም ምንም አይጠይቀኝም። ቀይ መስመር ባየሁበት ሁሉ እሷን ጠራሁና ምትኩን ዜሮ አልኩ። ክብደት ከሌለ ዜሮ። የእናት ቁጥር ከሌለ ዜሮ። የአባት ቁጥር ከሌለ ዜሮ። ቀዩ ሁሉ ጠፋ። ፕሮግራሙም ተነሣና የሠላሳ አንድ አውራ በጎችን ደረጃ ከላይ እስከ ታች ደርድሮ አወጣ። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ይዘው አነበቡና የራሳቸው በግ አንደኛ መውጣቱን ሲያዩ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። ረቡዕ ዕለት ዝርዝሩ ተለጠፈ፤ ለየመንደሩም በስልክ ተላከ። ከታች ያሉት ሦስቱ እንዲኮላሹ ተወሰነ።

ሐሙስ ጠዋት በሩን ሳልከፍተው ደጃፉ ላይ አንዲት ሴት ቆመው አገኘኋቸው። ስድሳውን የተሻገሩ ይመስላሉ። የሱፍ ባና ደርበዋል፣ ጫማቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ጭቃ ለብሷል። ከወንዙ ማዶ ካለች መንደር የሁለት ሰዓት መንገድ በእግራቸው መጥተዋል። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በጎቹን ብቻቸውን የሚያረቡ የማኅበሩ አባል እንደሆኑ ያወቅሁት ኋላ ነው።

«ዝርዝሩን የሠራሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ እማማ። ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

«ገባሁ፣ ግን አልቀመጥም። አውራ በጌ ከሁሉ መጨረሻ ነው አልሽ?»

ላፕቶፑን ከፈትኩና የጆሮ ቁጥሩን ጠየቅኋቸው። በቃላቸው ነገሩኝ። እውነትም ሠላሳ አንደኛ ነው። «የስድስት ወር ልጆቹ አማካይ ክብደት ዘጠኝ ኪሎ ከሰባት መቶ ግራም ነው የሚለው» አልኳቸው፤ ፈራ እያልኩ።

«ዘጠኝ ኪሎ! የእሱ ልጆች እኮ በሦስት ወራቸው ነው ዘጠኝ ኪሎ የሚያልፉት። የስድስት ወሮቹንማ ሳነሣቸው ወገቤን ይዞኛል። ደብተሩን አምጪው እስቲ።»

የመንደራቸውን ደብተር ከመደርደሪያው አወረድኩ። ማንበብ ባይችሉም ገጹ ላይ ያለውን ቦታ ያውቁታል፤ መዝጋቢው ሲጽፍ አጠገቡ ቆመው አይተዋል። የበጉ ልጆች አሥራ አራት ናቸው። የስምንቱ ክብደት ተጽፏል፤ አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት፣ አሥራ ስምንት። የቀሩት ስድስቱ ቦታ ባዶ ነው።

«እነዚህስ?» አልኩ።

«ነሐሴ ላይ ነዋ። ወንዙ ሞልቶ ሚዛን የያዘው ሰው ሊሻገር አልቻለም። ማዶ ላይ ቆሞ እጁን አወዛወዘልንና ተመለሰ።»

ስክሪኑን ወደ ታች ገፋሁት። ስድስቱ ግልገሎች ተደርድረዋል። አጠገባቸው የተጻፈውን ሳይ ፊቴ ጋለ። እሳቸውም ጠጋ ብለው በጣታቸው አሳዩኝ። «እዚህ ምን ይላል?»

«ዜሮ።»

«ዜሮ ምን?»

«ዜሮ ኪሎ።»

ቀና ብለው አዩኝ። አልጮሁም፤ ድምፃቸውን ጭራሽ ዝቅ ነው ያደረጉት። «ዜሮ ኪሎ የሚመዝን ግልገል አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ስምንቱን ብቻ ደምሬ ለስምንት አካፈልኩ። አሥራ ሰባት ኪሎ። በዝርዝሩ ላይ ከዚያ የሚበልጡ በጎች ሁለት ብቻ ነበሩ።

«እማማ፣ በጉ የት ነው ያለው?»

«ዛሬ ጠዋት ወሰዱት እንጂ! እሱን ልልሽ አይደለም እንዴ የመጣሁት!»

የሚያኮላሸው የእንስሳት ባለሙያ ስልክ ላይ ደወልኩ፤ አይመልስም። ሊቀመንበሩ ጋ ደወልኩ፤ የሳቸው ኔትወርክ የለውም። ላፕቶፑን ቦርሳዬ ውስጥ ወረወርኩት፣ ደብተሮቹን በብብቴ ያዝኩ፣ የቢሮውን በር እንኳ አልቆለፍኩም። በጎቹ የሚኮላሹበት የእንስሳት ማከሚያ ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ቀየት በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ባጃጅ አስቆምንና ተሳፈርን። የመጀመሪያው ዳገት ላይ ባጃጁ እያቃሰተ ጭቃ ውስጥ ተቀመጠ። ጎማው ይሽከረከራል፣ ጭቃው ይረጫል፣ እኛ ከነበርንበት ንቅንቅ አላልንም። እማማ ባናቸውን ሰብስበው ወረዱ። «ነይ!» አሉኝና መሮጥ ጀመሩ።

እኔ ደብረ ብርሃን ከለመድኩት ወንበር ተነሥቼ ያን ዳገት ስወጣ ሳንባዬ በአፌ ሊወጣ ነበር። እሳቸው ከፊቴ ናቸው። ጉሙ ገና አልተነሣም፤ አንዳንዴ ባናቸው ብቻ ነው የሚታየኝ። እየሮጥኩ፣ የሚገርመው ነገር፣ ፍርሃቱን አልፎ አንድ ደስታ መሰል ነገር ደረቴን ሞላው። ዓመታት ሙሉ ኮድ ስጽፍ፣ የጻፍኩት አንድ መስመር እንዲህ በእግሬ ሲያስሮጠኝ የመጀመሪያው ነበር።

ግቢው ውስጥ ስንደርስ ሁለት ሰዎች ትልቁን ቡላ በግ በጎኑ አስተኝተው ይዘዋል፤ ባለሙያው መኮላሻውን አንሥቶ እያጎነበሰ ነው። እማማ ከበሩ ሆነው «ልቀቅ!» ብለው ጮኹ። ድምፃቸው እንዲያ እንደሚወጣ ማን አስቦ! ባለሙያው መሣሪያውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። በጉም አጋጣሚውን አላለፈውም፤ ያዡን ሰው ገፍትሮ ተነሣና ሮጦ እማማ ጉልበት ሥር ተወሸቀ።

ሊቀመንበሩ ከጥጉ መጡ። «ምንድነው ነገሩ? ዝርዝሩ ላይ አለ እኮ። ኮምፒዩተሩ ነው የሠራው።»

ትንፋሼ እስኪመለስ ጠበቅሁ። «ኮምፒዩተሩ አይደለም፣ እኔ ነኝ» አልኩ። «ያልተመዘኑትን ግልገሎች እንደ ዜሮ እንዲቆጥራቸው ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ማሽኑ እንዲያውም ‹ከሌለስ?› እያለ ጠይቆኝ ነበር። ዝም ያሰኘሁት እኔው ነኝ።»

እሳቸው መልስ ሳይሰጡ እኔን አንድ ሐሳብ ወጋኝ፤ ከሦስቱ ሁለቱ በጎች እዚያው ግቢ ጥግ ታስረው ቆመዋል፣ ጠዋት ተኮላሽተዋል። እነሱስ በስህተት ከሆነ? እዚያ ካለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ደብተሮቹን ገለጥኩ። የአንደኛው ልጆች በሙሉ ተመዝነዋል፤ አንድም ባዶ የለም። የሁለተኛው አንዲት ባዶ አለችው፤ እሷን አውጥቼ ሳሰላው ከመጨረሻዎቹ አልወጣም። «ደህና ናቸው! ማለቴ፣ ትክክል ናቸው!» ብዬ ብድግ አልኩ። ባለሙያው ሳቀ፤ ሊቀመንበሩም ግንባራቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ መፍትሔው ቀላል ነው» አሉ ሊቀመንበሩ፣ እጃቸው መንቀሳቀስ ጀመረ። «ሚዛኑን ይዘን ዛሬውኑ ማዶ እንሂድ። ስድስቱን እንመዝንና ባዶውን እንሙላ።»

እኔም ደስ ብሎኝ ልነሣ ስል እማማ በጋቸውን በቀንዱ እንደያዙ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይሆንም። ግልገሎቹ አሁን ስምንት ወር አልፏቸዋል። ዛሬ መዝናችሁ የነሐሴ ነው ብላችሁ ልትጽፉ ነው? በጌን ያለ ልኩ ከፍ አድርጉልኝ አላልኩም። አልተመዘኑም፤ አልተመዘኑም ብላችሁ ጻፉ።»

ይህን ሲሉ እኔ መጽሐፍ አንብቤ፣ ቪዲዮ አይቼ ያልገባኝ ነገር በአንድ ጊዜ ወለል አለልኝ። ዜሮ የሚለው መዝኖ ያየ ሰው ነው። «የለም» ሌላ ነገር ነው። ያ ያናደደኝ ቋንቋ ሁለቱን እንዳላምታታ ነበር እጄን ይዞ ሲለምነኝ የነበረው።

ዓርብን በሙሉ ቢሮ ተቀምጬ ዜሮዎቼን ማውጣት ያዝኩ። አንዱን ባነሣሁ ቁጥር ቀይ መስመሮች እንደገና ብቅ ብቅ አሉ። ድሮ እያንዳንዱ ቀይ መስመር ስድብ ይመስለኝ ነበር፤ ያን ቀን ግን ጥያቄ ሆኑልኝ፤ ጥሩ፣ የሚመለስ ጥያቄ። ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ ጠረጴዛዬ ላይ አርፋለች፣ ከገበያው የሰው ድምፅ ይሰማኛል፣ እኔ ለብቻዬ እየሳቅኩ እሠራለሁ። አማካዩን የሚያሰላውን ፈንክሽን ቀየርኩት፤ «አለ» የሚሉትን ብቻ ይሰበስባል፣ በእነሱ ልክ ያካፍላል፣ ስንቱ እንደተመዘኑም አብሮ ይናገራል። የአባት ቁጥር ጋ ስደርስ ደግሞ የባሰ ነገር አገኘሁ። አባታቸው ያልተጻፈ ግልገሎች ሁሉ «ዜሮ» ለሚባል አንድ አውራ በግ ልጆች ሆነው ተመዝግበዋል። ይህ በምድር ላይ የሌለ በግ በለጠፍነው ዝርዝር ላይ ሰባተኛ ወጥቷል! ወረቀቱን ዞር ብዬ አየሁት። አዎ፣ ሰባተኛ። ማንም ልብ አላለውም።

አንዳንዱን ጥያቄ ግን እኔ ልመልሰው አልቻልኩም። ደብተሩ ላይ መንታ ይሁን ነጠላ ካልተጻፈ ምን ይባል? ስንት ግልገል ሲመዘን ነው በጉን መፍረድ የሚቻለው? ይህ የበግ ጉዳይ ነው፤ የኮድ አይደለም። ሊቀመንበሩን ስብሰባ እንዲጠሩልኝ ለመንኳቸው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባላቱ ቢሮው ፊት ለፊት ሣሩ ላይ ተቀመጡ። መጀመሪያ ጥፋቴን ተናገርኩ። ከዚያ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ አነሣሁ፤ ስብሰባው ሞቅ ያለ ገበያ መሰለ።

«መንታ ነው ነጠላ ካልተባለ?» አልኩ።

«ነጠላ በይው!» አለች ከፊት የተቀመጠች ወጣት እናት። «በጓ መንታ የወለደችለት ሰው ሳያወራ ይውላል?» ሰዉ ሁሉ ሳቀ፣ ሁሉም እውነት ነው አለ። እኔ በደስታ ጻፍኩ። ምትክ ሊሰጠው የሚገባ ባዶ ማለት እንዲህ ያለው ነው፤ ዝምታው ራሱ የሚናገር።

«ግልገሉ መሞት አለመሞቱ ካልተጻፈስ? አለ እንበለው?»

የደብሩ ቄስ፣ እሳቸውም በግ አርቢ ናቸው፣ መስቀላቸውን እንደያዙ ተነሡ። «አለም አትበዪ፣ ሞተም አትበዪ። እንዲህ ያለውን ሰው ልኮ መጠየቅ ነው።» ስለዚህ ለዚያ ባዶ ምትክ አልተሰጠውም፤ ፕሮግራሙ «ይጠየቅ» የሚል የስም ዝርዝር እንዲያወጣ ሆነ።

«አባቱ ያልታወቀውስ?» ስልና ስለ ዜሮው በግ ስነግራቸው ሊቀመንበሩ ጭንቅላታቸውን ያዙ። «ሰባተኛው? እኔ እኮ የቀየት ሰዎች በግ መስሎኝ ነበር!»

የመጨረሻው ጥያቄ፣ ስንት ልጅ ሲመዘን በጉ ይፈረድ የሚለው፣ ትንሽ አከራከረ። ብዙ ከተባለ በኋላ በአምስት ተስማሙ፤ ከአምስት ያነሱ ልጆቹ የተመዘኑለት በግ ደረጃ አይሰጠው፣ «ገና» ተብሎ ይጻፍ። እጅ ሲወጣ የሊቀመንበሩ እጅ ከሁሉ ቀድሞ ወጣ።

እዚያው ሣሩ ላይ ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አድርጌ አምስትን ጻፍኩና ፕሮግራሙን አስነሣሁት። ቀይ መስመር የለም። ይህን ጊዜ የጠፋው ግን ጥያቄው ተመልሶ ነው። ዝርዝሩን ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። አንደኛ፣ ከቀየት አቅጣጫ የመጣ አንድ ጥቁር በግ፤ አሥራ ሰባት ኪሎ ከአራት መቶ ግራም፣ አሥራ አንድ ልጆቹ ተመዝነው። ሁለተኛ፣ የእማማ በግ፤ አሥራ ሰባት ኪሎ፣ ከአሥራ አራቱ ስምንቱ ተመዝነው። ከማዶ መንደር የመጡት ሴቶች እልል አሉ። እማማ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

«የእኔስ?» አሉ ሊቀመንበሩ። ሁለተኛውን ሲሰሙ አንገታቸውን ማስገግ ጀምረው ነበር።

ወረድ ብዬ በጋቸውን ፈለግሁ። በጋቸው የወለደው ሦስት ነበር። ሦስቱም ከባድ ናቸው፤ ግን ሦስት ናቸው። «ገና» አልኩ።

ሊቀመንበሩ እጃቸውን አንሥተው መልሰው ጣሉት። ከዚያ ሳቃቸው መጣ፤ እንደዚያኛው ቀን ያለ፣ መያዝ የሚያቅት ሳቅ። «ገና! እኔው ነኝ እጄን ያወጣሁት! እሺ፣ ገና ነው። ልጆቹን ታያላችሁ» አሉ። ሰዉም አብሮ ሳቀ፤ ቄሱ እንኳ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት እማማ እንደገና ቢሮ መጡ፤ በዚህኛው ቀን ተቀመጡ። ቀየት ድረስ ሄደው ያን አንደኛ የወጣውን ጥቁር በግ አይተውታል። ወረቀት ብቻ አምነው አይቀመጡማ። ወገቡን ዳብሰውታል፣ ጥርሱን አይተዋል፣ ባለቤቱንም ስለ ልጆቹ ጠይቀውታል።

«እንዴት ነው ታዲያ?» አልኳቸው።

«ይበልጣል» አሉ፣ ሳይከፋቸው። «ሁለት እናት በጎቼን ልወስድለት ከሰውየው ጋር ተስማምቻለሁ። እሱም የእሱን እናት በጎች ወደ እኔው በግ ያመጣል።» ከዚያ ወደ ላፕቶፑ በአገጫቸው ጠቆሙ። «ግልገሎቹ የሚወለዱበትን ወር ጻፊልኝማ። የዚያን ጊዜ ወንዙ አይሞላም፤ ሚዛኑን ይዘሽ አንቺው ነሽ የምትመጪው።»

ጻፍኩላቸው። ያ ወር እስኪደርስ ግን አልጠበቅሁም፤ ገና ግልገሎቹ ሳይወለዱ፣ ወንዙን በድንጋይ ላይ እየዘለልኩ ተሻግሬ መንደራቸውን አይቼ መጣሁ። ለምን ቀረሽ ሲሉኝ አሁን መልሴ ይኸው ነው፤ እዚህ የምጽፈው አንድ መስመር በእግሬ ያስሮጠኛል።